በዓለም ቴሌቪዥን የሮጠው፣ በሀገሩ በሬዲዮ የተሰማው አበበ ቢቂላ

መስከረም 21 ቀን 1993 ዓ.ም እሁድ ነበር፤ የግሸን ማርያም ዕለት። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ቅዳሜ ምሽቱን ያነጋው ዓይኑን እያሻሸ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቧል። ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ገብቷል፤ ጎረቤት ያልተመቸው ሻይ ቤት በር ላይ ቆሟል። ከሲድኒ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን እየተላለፈ ነው። ገዛኸኝ አበራ ኬንያዊውን ኤሪክ ዋይናይናን ጥሎ ብቻውን ስታዲየም ሲገባ፣ ተስፋዬ ቶላም ሦስተኛ ሆኖ ሲከተል የሰፈሩ ጩኸት ሌላ ነበር። በዚያው ሳምንት ሰኞ ደግሞ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር በመቶኛ ሰከንድ ልዩነት ሲቀድመው ስንቱ ወንበር እንደተገለበጠ፣ ስንቱ ብርጭቆ እንደተሰበረ ያየ ያውቀዋል።

ገዛኸኝ ያመጣው ወርቅ ለኢትዮጵያ በማራቶን ከ32 ዓመት በኋላ የተገኘ ነበር። ከእሱ በፊት ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ፣ ከማሞ በፊት ደግሞ አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ አሸንፈዋል። ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር ያቺ ጥቁርና ነጭ ፊልም ትመጣለች። ቀጭን ሰው፣ ባዶ እግር፣ ጨለማ፣ ችቦ። ከእኛ ብዙዎቻችን አበበን የምናውቀው ከዚያች ፊልም ነው።

እንግዲህ የስፖርት ቤተሰብ ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። አበበ በሮም ሲያሸንፍ በሀገሩ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም። በቶኪዮ ሲደግምም አልነበረም። ዓለም በዓይኑ ያየውን ሰው፣ የራሱ ወገን በጆሮው ነው የሰማው። የዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ሰው ሕይወት ከዚህ አቅጣጫ ያስታውሳል።

ከጃቶ እስከ ክብር ዘበኛ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል ቦታ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1932 መሆኑ ነው። ነገሩ ሲገጥም፣ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደው በዚያው ዕለት ነበር። የማራቶን ንጉሥ የተወለደው በማራቶን ቀን ነው ማለት ነው።

ልጅነቱ እንደማንኛውም የገጠር ልጅ ነው። ከብት ጠብቋል፣ ገና ተጫውቷል። ገና ጨዋታን ለምታውቁ ማስረዳት አያስፈልግም። ለማታውቁ ግን ሁለቱ ግቦች አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች የሚራራቁበት ጨዋታ ነው። የዛሬ አማካዮች በአንድ ጨዋታ 12 ኪሎ ሜትር ሮጡ ተብሎ ሲደነቅ፣ የሸዋ እረኛ ሩሩን ተከትሎ ምን ያህል ይሮጥ እንደነበር የለካለት የለም።

ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ። የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ ከተማው እየሮጠ ይመላለስ ነበር። እዚህ ላይ ነው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያየው። ኒስካነን በሀገራችን የስፖርት ታሪክ ትልቅ ስም ያለው ሰው ነው። ሥልጠናውን በሰዓትና በእቅድ አደረገው፤ በአስፋልትም፣ በአቀበትም፣ በጫማም፣ ያለ ጫማም አስሮጠው።

ሮም ከመሄዱ አንድ ወር ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ ሰዓት ታላቁ ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፤ ያውም በከፍታ ላይ። የውጭ ጋዜጠኞች ግን ወይ አልሰሙም፣ ወይ ሰምተው አላመኑም። አበበ ሮም የገባው ማንም ሳያውቀው ነው።

የጳጉሜ 5 ምሽት

የሮም ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ በ1960 ተካሄደ። በቴሌቪዥን ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ኦሊምፒክ ነው። የጣሊያን ቴሌቪዥን ውድድሮቹን በቀጥታ ወደ በርካታ የአውሮፓ ሀገራት አስተላልፏል። አሜሪካ ገና በሳተላይት ስላልተገናኘች ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ 394 ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ የተቀረጸውን ካሴት በአውሮፕላን እያስጫነ ኒው ዮርክ ላይ ያሳይ ነበር። ዛሬ በቢሊዮን ዶላር የሚሸጠው የስርጭት መብት አጀማመሩ ይህን ይመስል ነበር።

ማራቶኑ የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ቀን ነው። በእኛ ሲቆጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ የተጀመረው ቀኑ ሲበርድ ነበር። እስከዚያ ድረስ ባልተለመደ ሁኔታም ከስታዲየም አልተነሳም፣ ስታዲየምም አልገባም። ከካፒቶል ኮረብታ ሥር ተነስቶ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ የሚያበቃ ነበር።

የጫማው ነገር ብዙ ተወርቶለታል። አበበ ሮም ላይ አዲስ ጫማ ገዝቶ ነበር። ጫማው ግን አልተስማማውም፤ እግሩን አቆሰለው። እሱ ደግሞ ባዶ እግር ለመሮጥ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ አወለቀው። ጫማ አጥቶ ሮጠ የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። እግሩን ያወቀ ሯጭ የወሰደው ውሳኔ ነው።

ሌላም አስቂኝ ነገር አለ። ኒስካነን ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠብቅ ነግሮታል፤ ቁጥሩ 26 ነው ብሎ። ራዲ ግን በሌላ ቁጥር፣ በ185 ነበር የወጣው። አበበ 26 ቁጥርን ፊት ለፊት እየፈለገ ይሮጣል፤ ጎኑ ያለው 185 ቁጥር ደግሞ አልለቅም ይለዋል። ከ20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የሚፈልገው ሰው አጠገቡ እየሮጠ እሱ ግን ሌላ ሰው ያሳድዳል።

ጨለመ። በጥንታዊቷ አፒያ ጎዳና ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል። ሙሶሊኒ ከሀገራችን ዘርፎ ያስወሰደው የአክሱም ሐውልት ያኔ ከውድድሩ ማብቂያ ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ነበር። አበበ ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። ራዲ ቀረ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ። ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ከያዘው የዓለም ምርጥ ሰዓት የቀደመው በ8 አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ገባ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ሆነ።

ጣሊያን ሀገራችንን ከወረረች 25 ዓመት ነው፤ ከወጣች ገና 19 ዓመቷ። የአውሮፓ ተመልካች ሳሎኑ ተቀምጦ፣ በጣሊያን ካሜራ፣ በጣሊያን መብራት፣ የክብር ዘበኛው ወታደር ሮም መሀል ሲያሸንፍ አየ። ከሰሃራ በታች ላለችው ጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። አዲስ አበባ ግን ወሬው የገባው በሬዲዮና በጋዜጣ ነበር። የአዲስ ዓመት ስጦታ ሆኖ መጣ፤ ሰው ግን ምስሉን በሐሳቡ መሳል ነበረበት።

በዚያ ዘመን ኳሱም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በጥር 1954 እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና እነ መንግሥቱ ወርቁ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሱ ጨዋታውን ያየው አዲስ አበባ ስታዲየም የገባው ሰው ብቻ ነው። የቀረው ከእነሱ አፍ ሰማ። የዛሬ ልጅ አንድ ግብ በስምንት አቅጣጫ፣ በዝግታ ተደጋግሞ ካላየ አያምንም። ያኔ ግን የዓይን ምስክር ያለው ሰው ሰፈሩ ውስጥ እንደ ዳኛ ይከበር ነበር።

ቶኪዮ፦ የተሟላው ስርጭት

ከሮም ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ሸለሙት፤ ማዕረጉም ወደ አሥር አለቃ ከፍ አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን የታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጣ። ሞካሪው የራሱ ክፍል፣ ክብር ዘበኛ ነበር። አበበ በነገሩ እጁ ስላልነበረበት ለአጭር ጊዜ ተይዞ ተለቀቀ። ያ ሩጫው የሚያበቃበት ጊዜ ሊሆን ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በአቴንስ፣ በኦሳካ፣ በኮሺትሴ አሸነፈ። በ1963 ቦስተን ላይ ግን አምስተኛ ወጣ።

እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የቶኪዮ ማራቶን ኦክቶበር 21 ነው፤ የቀረው 35 ቀን ብቻ። በኳስ ብንወስደው አንድ አጥቂ ከቀዶ ሕክምና ወጥቶ በወሩ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ 90 ደቂቃ ተሰልፎ ሐትሪክ ሠራ እንደማለት ነው።

ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጓል፤ ነጭ ካልሲም። መጀመሪያ አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ፍጥነቱን ወደ ላይ ሰቀለው። 20 ኪሎ ሜትር ላይ ግን መሪው አበበ ነው። አየርላንዳዊው ጂም ሆጋን ተከትሎ ታግሎ ታግሎ ከ35 ኪሎ ሜትር በኋላ ውድድሩን ጥሎ ወጣ። አበበ ብቻውን ስታዲየም ገባ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ። እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ ሁለተኛ ሆኖ የገባው ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ በወገኖቹ ፊት፣ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ሁለተኛነቱን ለሂትሊ ተነጥቆ ሦስተኛ ሆነ።

በነዚያ 4 ደቂቃዎች አበበ ምን ሠራ? ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ወደ ላይ ዘርግቶ ማፍታቻ ይሠራ ጀመር። ይህን ትዕይንት ያላየ የለም። ሌላው ተንጋሎ ኦክስጅን ሲፈልግ፣ እሱ ገና ሊሮጥ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ያውም በተከታታይ።

የጃፓኑ ኤንኤችኬ ማራቶኑን ከመነሻው እስከ መድረሻው በቀጥታ አስተላለፈ። በኦሊምፒክ ታሪክ እንዲህ ያለ ሙሉ ስርጭት ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ሲንኮም 3 የተባለችው ሳተላይትም የቶኪዮን ውድድሮች ፓሲፊክን አሻግራ አሜሪካ አደረሰች። ማራቶን በቴሌቪዥን ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጦ የሚታይ ስፖርት ነው የሚለውን ለዓለም ካሳዩት አንዱ አበበ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ካሜራው ሊከተለው የሚገባው ፊት ነበረው። አይጨማደድ፣ አያማርር፣ አይስቅ። ዳይሬክተሩ ኮን ኢቺካዋ በ1965 በወጣው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልሙ ለዚህ ፊት ብዙ ቦታ ሰጥቶታል።

እዚህ ሀገር ደግሞ ምን ሆነ? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ነው። የቶኪዮው ማራቶን ጥቅምት 11 ነበር። ቆጥሩት፤ 12 ቀን ነው። ለ12 ቀን ነው ያመለጠን። በእርግጥ ጣቢያው ቀድሞ ቢከፈትም ከቶኪዮ በቀጥታ ምስል የሚያመጣ መሣሪያ አልነበረንም። ቢሆንም ቁጭቱ አይቀርም። ያኔ ቴሌቪዥን ያላቸው ጥቂት ቤቶች ናቸው፤ ስርጭቱም ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ አያልፍም።

ከድሉ በኋላ አበበ የመቶ አለቃ ሆነ፤ ቤትና ቮልስዋገን መኪናም ተሸለመ። የመኪናዋን ነገር ያዙልኝ።

ሜክሲኮና ማሞ

እ.ኤ.አ በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ 1 ቁጥርን ለብሶ ለሦስተኛ ተከታታይ ወርቅ ተሰለፈ። ነገር ግን ከ1967 ጀምሮ እግሩ እየከዳው ነበር። 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። የሀገሩን ባንዲራ ማሞ ወልዴ ተረከበ። ማሞ በዚያው ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ብር ያገኘ ሰው ነው። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ ተከታዩን ከ3 ደቂቃ በላይ ጥሎ አሸነፈ። ኢትዮጵያ ማራቶንን ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰደች። አበበም ሲመለስ ሻምበል ሆነ።

አንድ አትሌት ወይም አንድ ተጫዋች እንዲህ ሲያቋርጥ ዛሬ ቢሆን የኮሜንታተሩ ወሬ፣ የሰፈሩ ክርክር አያልቅም። አልቆለታል፣ ቀድሞ መተው ነበረበት የሚለው ይበዛል። አበበ ግን የቆመበት መነሻ መስመር ለሀገሩ ትርጉም ነበረው። አጠገቡ ማሞ ነበር።

መጋቢት 13

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ማታ አበበ መኪናውን እየነዳ ሳለ ተገለበጠ። መኪናው ውስጥ ተይዞ አደረ። ሰው የደረሰለት በማግሥቱ ጠዋት ነው። ያ ሣር ላይ ወደ ሰማይ የተዘረጋ እግር ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። መጀመሪያ እጁም አይሠራም ነበር።

ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል። ይህ ቦታ በአከርካሪ ጉዳት ሕክምና የታወቀ፣ የፓራሊምፒክ ውድድር የተጠነሰሰበትም ነው። ስምንት ወር ቆየ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በዚያች የኦሊምፒክ ሰሞን ፊልም ውስጥ አይታይም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ባዶ እግሩን ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበሩን አይደለም። አበበ እ.ኤ.አ በ1970 እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ኖርዌይ ላይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄደና እንግድነቱን ትቶ ውድድር ገባ። በበረዶ ላይ በሚደረግ የሸርተቴ ሩጫ 16 ሰዎችን ቀድሞ አንደኛ ወጣ። የጃቶ ልጅ፣ በረዶ ላይ! በዚያ ዘመን ሀገራችን ውስጥ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኛ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ስንት ሰው ነበር? ሁለቱ የማራቶን ወርቆች ትልቅ ናቸው። ለዚህ ጸሐፊ ግን ኖርዌይ ላይ የተገኘችው ድል ከነሱ አታንስም።

እ.ኤ.አ በ1972 ለሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተጋበዘ። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። ማራቶኑን አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ በ40 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ሆነ። ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

ዓመት አለፈና ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም አበበ በአንጎል ደም መፍሰስ ምክንያት ዐረፈ። 41 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆችን ትቶ ሄደ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብና ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በሙሉ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ሕዝቡ ሲሮጥ በቀጥታ ያላየውን ሰው፣ ሲቀበር ግን በአካል ሸኘው።

ምስሉ የቀረልን

ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥናችን አደገ። የቀለም ስርጭት በ1977 መግቢያ ላይ መጣ። የቀበሌ አዳራሽ፣ የጎረቤት ሳሎን፣ ኋላም የዲኤስቲቪ ቤት የስፖርት መሰብሰቢያ ሆኑ። ደራርቱ በባርሴሎና፣ ፋጡማና ኃይሌ በአትላንታ ሲያሸንፉ የነበረውን ደስታ፣ የእነ ሮጀር ሚላን ጭፈራ ያየነው ከዚያች ሳጥን ነው። አበበ በነዚያ ሁሉ ምሽቶች መሀል ብቅ ይል ነበር፤ ውድድሩ ሊጀመር ሲል፣ ስርጭቱ ሲዘገይ፣ አስተያየት ሰጪው ታሪክ ሲያወራ። የውጭ ሰውም አልረሳውም። ደስቲን ሆፍማን የሠራበትና በ1976 የወጣው «ማራቶን ማን» የተባለው ፊልም የአበበን ሩጫ አካቶ አሳይቷል።

እ.ኤ.አ በ2010 የሮም ማራቶን የድሉን 50ኛ ዓመት ሲዘክር ሲራጅ ገና አንደኛ እየወጣ ሳለ ጫማውን አውልቆ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በባዶ እግሩ ሮጦ ገባ። የአክሱም ሐውልትም በ2005 ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ2008 ቆሟል። በ2024 ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲያሸንፍ፣ ከገዛኸኝ በኋላ 24 ዓመት የጠበቅነው የወንዶች ማራቶን ወርቅ መጣ። ይህንንስ ብዙው ሰው በስልኩ ነው ያየው።

አበበ ቢቂላ ስታዲየም ገብታችሁ ኳስ ያያችሁ ብዙ ናችሁ። በስሙ የተጠራው ሜዳ ላይ ቡድናችሁ ነጥብ ጥሎ ተናዳችሁ የወጣችሁም አትጠፉም። ዛሬ የሮሙም የቶኪዮውም ምስል በስልካችሁ ይገኛል። ከሁለቱ አንዱን ለማየት የአንድ ጨዋታ የእረፍት ሰዓት ይበቃል። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ አሳዩዋቸው፤ የኖርዌዩንም በአፍ ንገሯቸው። ነፍሱን ይማር።